ጉዝጓዝ ወይስ ሳር? አዲስ የተነጠፈ የግቢ ሳር አመራመርና አያያዝ

ለቡና የጎዘጎዝነው ቄጠማ ሲነጠፍ ለምለም ነው። በማግስቱ ተጠርጎ ይወጣል። ማንም አያዝንለትም፤ ሥር የለውማ። ከመኪና ወርዶ ግቢያችን ላይ የተነጠፈ ሳርም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚያ ብዙ አይለይም። አረንጓዴነቱን ይዞ የመጣው ከነበረበት ማሳ ነው። ሥሩ ከተቆረጠ በኋላ የሚኖረው በስንቅ ነው። ስንቁ ሳያልቅ አዲሱ መሬት ውስጥ ሥር ከሰደደ ሳር ሆነ። ካልሰደደ ውድ ጉዝጓዝ ገዝተናል ማለት ነው።

ጉዝጓዝ ከገዙት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከመስቀል በኋላ ዝናቡ እብስ እንዳለ፣ 60 ካሬ አስነጠፍኩ። ለጥቂት ቀናት የመጣ እንግዳ ሁሉ እያደነቀ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጠርዝ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቀለበሰ። የሸጠልኝ ሰውዬ «ውሃ ብቻ ያጠጡት» ብሎኝ ነበር። ስንት ሊትር? በየስንት ቀኑ? መያዙን በምን አውቃለሁ? እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ከዚህ በታች ያለው ያኔ ልጠይቀው ይገባኝ የነበረው ነው። ልኬቶቹ ለአዲስ አበባና እሷን ለመሰሉ ደጋ ከተሞች የሚሆኑ ናቸው። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ፀሐዩ ሌላ ነውና ውሃውን ጨምሩ።

አንደኛ፦ ከመኪናው ሳይወርድ መርምሩት

ሳሩ ተቆርጦ ተደራርቦ ሲጫን ውስጥ ውስጡን ይሞቃል፤ ልክ እንደ ተከመረ እርጥብ ድርቆሽ። ስለዚህ መጀመሪያ እጃችሁን ክምሩ መሐል አስገቡ። ቀዝቀዝ ካለ ጥሩ ነው። ትኩስ ከሆነና የኮመጠጠ ሽታ ካለው ሳሩ መቀቀል ጀምሯል፤ ላዩ የቱንም ያህል አረንጓዴ ቢሆን አትቀበሉ። በተቆረጠበት ቀን መነጠፍ አለበት፤ ቢዘገይ ቢዘገይ በማግስቱ።

ቀጥሎ አንዱን ቁራጭ አንሥታችሁ ገልብጡ። ከሥሩ ጋር የመጣው አፈር 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደስ ይላል። ከዚያ ከሳሳ ቶሎ ይደርቃል። በጣም ከወፈረ ደግሞ ሥሩ እዚያው የራሱ አፈር ውስጥ ተመቻችቶ ይቀመጣል፤ ወደ እናንተ መሬት ለመውረድ አይቸኩልም። በአንድ ጥግ ይዛችሁ ስታንጠለጥሉት መበጣጠስ የለበትም። ነጫጭ ሥሮች ማየት አለባችሁ። ሁሉም ቡናማና ተሰባሪ ከሆነ ተቆርጦ የቆየ ነው።

አረሙንም እዩ። ባለ ሦስት ቅጠሉን ማገጥ ብታዩ አትደንግጡ፤ በእጅ ይለቀማል። የሚያስፈራው እንግጫ ነው። ከሳር ጋር ይመሳሰላል፤ ግንዱን በሁለት ጣት መሐል ስታሽከረክሩት ግን ሦስት ጠርዝ ያለው ሆኖ ይሰማችኋል። ለዘመን መለወጫ የጎጃም ልጆች ሲነቅሉት ያምራል፤ ግቢያችሁ ውስጥ ግን ከመሬት በታች ኮረት ኮረት የሚያህል ፍሬ እየቀበረ ይራባል። ላዩን ብታጭዱት ምንም አይመስለው። ክምሩ ውስጥ እንግጫ ከበዛ ጭነቱን መልሱት።

የሳሩን ዓይነትም ጠይቁ። እኛ ዘንድ በብዛት የሚነጠፈው ኪኩዩ ነው። ስሙን ከኬንያዎቹ ኪኩዩዎች ያግኘው እንጂ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ልጅ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋም አገሩ ነው። ሰርዶም አለ፤ ቅጠሉ ይቀጥናል፣ ድርቅ ይችላል። ሁለቱም ፀሐይ ወዳድ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የአጥር ወይም የፎቅ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ካነጠፋችኋቸው ይይዛሉ፣ ይሳሳሉ፣ ከዚያ ይጠፋሉ። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሁለተኛ፦ መሬቱን በካቻቢቴ ጠይቁት

ሳሩ ተነጥፎም ቢሆን ይህን ማድረግ ይቻላል። ረጅም ካቻቢቴ ውሰዱና ካጠጣችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ አሥር ቦታ ላይ እየወጋችሁ ሞክሩ። 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ያለ ትግል ከገባ መሬቱ ለስላሳ ነው፣ ውሃውም ወርዷል። 5 ሳንቲ ሜትር ላይ «ቀጭ» ብሎ ከቆመ ከሥር ድንጋይ፣ ጡብ ወይም የሲሚንቶ ትራፊ አለ።

ይህ ነገር በአዳዲስ ቤቶች የተለመደ ነው። ግንበኞች ሥራ ሲጨርሱ ፍርስራሹን እዚያው ገፋ ገፋ ያደርጉትና ላዩ ላይ ስስ አፈር ይነሰንሱበታል። ሳሩ ለሁለት ሳምንት ያምራል። ከዚያ ልክ ፍርስራሹ ባለበት ቅርፅ ቢጫ ይሆናል። ማዳበሪያ ብትጨምሩ፣ ውሃ ብታፈሱ ዋጋ የለውም። ሳሩን በጥንቃቄ አንሥታችሁ፣ ቆሻሻውን ቆፍራችሁ አውጥታችሁ፣ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ጥሩ አፈር ሞልታችሁ መልሳችሁ ማንጠፍ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነ ሥር ስላልሰደደ በቀላሉ ይነሣል። በኋላ ከሆነ ዶማ ነው።

የአፈሩ ዓይነትም የውሃውን ልክ ይወስናል። ወደ እንጦጦ ያለው ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል። ወደ ቦሌና አቃቂ የሚበዛው ጥቁር አፈር ሌላ ጠባይ አለው፤ በክረምት ያብጥና ውሃ ቋጥሮ ይቀመጣል፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጥቁር አፈር ላይ የተነጠፈን ሳር ከጥማት ይልቅ በውሃ መስመጥ ያሰጋዋል።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያው ቀን

ቁርጥራጮቹ እንደ ጡብ ግንብ መገጣጠሚያቸው እየተዘለለ መነጠፍ አለበት። ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ከተተወ ዝናብ እሱን ይዞ ቦይ ያበጃል። ተዳፋት ከሆነ ቁራጩን ወደ ጎን፣ ቁልቁለቱን አቋርጦ እንዲተኛ አድርጉ፤ ከዚያ በቀጫጭን የእንጨት ችካል ያዙት። በሐምሌ ዶፍ ሳሩ እንዳለ ተንሸራቶ በር ላይ ተጠቅልሎ ያገኘ ጎረቤት አለኝ።

ክፍተት አትተዉ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ የተነፋ አፈርና ኮምፖስት ቀላቅላችሁ ሙሉት። ጠርዝ ለነፋስ ከተጋለጠ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው፤ በአጥርና በመንገድ በኩል ያለውን ዳር ሁሉ በአፈር ደግፉት።

ከዚያ ይጠቅጠቅ። ሳሩ ከመሬቱ ጋር ካልተነካካ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መጠቅጠቂያ ሮለር ከሌለ ሰፊ ጣውላ አጋድሙና ላዩ ላይ ተራመዱ፤ ጣውላውን እያዛወሩ መላውን ማዳረስ ነው። ሥራው ያሰለቻል ግን ዝለሉት አልልም። የኔ የመጀመሪያው ሳር የሞተበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ በእጄ ስጫነው እንደ ፍራሽ ይነጥር ነበር።

ውሃው ደግሞ ሁሉም ተነጥፎ እስኪያልቅ አይጠብቅም። 10 ካሬ ካለቀ እሱን አጠጡና ቀጥሉ። የመጀመሪያው ቀን ውሃ ለአንድ ካሬ 15 ሊትር ገደማ ነው። ሲያልቅ አንዱን ጥግ ገለጥ አድርጋችሁ ከታች ያለውን የእናንተን አፈር ንኩት። ሳሩ ርሶ ከታች ያለው አፈር ደረቅ ከሆነ ገና ናችሁ።

አራተኛ፦ ውሃውን በጀሪካን ቁጠሩት

«በደንብ አጠጡ» የሚባለው ምክር ለማንም አይጠቅምም። በቁጥር እንነጋገር። አንድ ካሬ ላይ 1 ሊትር ውሃ ስታፈሱ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ ማለት ነው። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ሒሳብ ነው።

የውሃ ጎማችሁን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ክተቱና በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ያዙ። በ2 ደቂቃ ሞላ እንበል። ግቢያችሁ 60 ካሬ ነው፣ ለካሬ 5 ሊትር መስጠት ትፈልጋላችሁ። 300 ሊትር ሆነ፤ 15 ጀሪካን፤ 30 ደቂቃ። በቃ። የሚሽከረከር መርጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የቱና ቆርቆሮዎች እዚህም እዚያም አስቀምጡ። ቆርቆሮው ውስጥ የተጠራቀመውን በማስመሪያ ለኩ፤ 5 ሚሊ ሜትር ማለት 5 ሊትር ለካሬ ነው። አንዱ ቆርቆሮ ሞልቶ ሌላው ባዶ ከሆነ ደግሞ ለምን አንዱ ጥግ እንደሚቢጭ ገባችሁ።

በደረቁ ወራት እኔ የምከተለው ይህን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ለካሬ 5 ሊትር፤ ፀሐዩ ከከረረ ለሁለት ከፍዬ ጠዋትና 6 ሰዓት ላይ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን እየዘለልኩ 7 ወይም 8 ሊትር። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት በየሦስት ቀኑ 10 ሊትር። ከዚያ በኋላ በሳምንት በጠቅላላ 20 ሊትር ገደማ፣ በሁለት ጊዜ። ቁም ነገሩ ቀኑን እያራቁ መጠኑን መጨመር ነው። ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ሥር ላይ ላዩን ይቀራል። ውሃው ወደ ታች ሲሄድ ሥሩም ይከተለዋል።

እንግዲህ አስቡት፣ 60 ካሬ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 2,100 ሊትር ይፈልጋል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሁለቴ ሞልቶ አይበቃውም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ይህን ሒሳብ ሳሩን ከማዘዛችሁ በፊት ሥሩት። ካልተሟላላችሁ ሰኔ መግቢያን ጠብቁ፤ ክረምቱ ራሱ ያጠጣላችኋል። ውሃው የሚመጣው ሌሊት ቢሆንም ሌሊት አታጠጡ። ሮቶውን ሙሉና ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት አጠጡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ረጥቦ ያደረ ቅጠል ለሻጋታ የተመቸ ነው። ውርጭ ያረፈበት ጠዋት ደግሞ ፀሐይ እስክታቀልጠው ማንም አይርገጠው፤ የተረገጠው ቅጠል ይሰበርና የእግራችሁ ቅርፅ ጠቁሮ ይቀራል።

የልብስ እጣቢ ለአዲስ ሳር አይሆንም፤ በተለይ በረኪና ያለበት። አትክልት የታጠበበት ውሃ ግን ይሁን።

አምስተኛ፦ የመጎተት ፈተና

ሳሩ መያዙን ዓይን አያውቅም። እጅ ነው የሚያውቀው። አንድ ጥግ ላይ ቅጠሉን ሰብስባችሁ በመዳፍ ያዙና ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡ። መንጠቅ የለም፤ እንደተኛ ልጅ ላይ ብርድ ልብስ እንደሚነሣ በእርጋታ።

በ4ኛው ቀን ያለ ምንም ትግል ብድግ ይላል፤ ይህ ጤናማ ነው። ገልብጣችሁ ስታዩ ግን አጫጭር ነጫጭ ሥሮች ብቅ ብቅ ማለት አለባቸው። በ10ኛው ቀን ገደማ «አልነሣም» ማለት ይጀምራል። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ብትስቡት ቅጠሉ ይበጠሳል እንጂ ቁራጩ አይነሣም። በብርዱ ወራት ሳምንት ያህል ቢዘገይ አትረበሹ።

አንድ ቦታ ሞክራችሁ አትፍረዱ። ከበሩ አጠገብ፣ ከመሐል፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከጣሪያ ውሃ መውረጃው በታች፣ ከዛፉ አጠገብ፤ ቢያንስ አምስት ቦታ። ውጤቱን ስልካችሁ ላይ ከነፎቶው ያዙት። በሦስት ሳምንት አሁንም ምንጣፍ ሆኖ የሚነሣ ቁራጭ ካለ ሦስት ነገር ጠርጥሩ፤ ከሥሩ ደረቅ ነው፣ ወይም ጭቃ ነው፣ ወይም መሬቱን አልነካም። ገልጣችሁ ስታዩት ምክንያቱን በዓይናችሁ ታገኙታላችሁ።

ለባለሙያ የምታሠሩ ከሆነ ይህን ፈተና ውል ውስጥ አስገቡት። ቀብድ ክፈሉ፣ ሲነጠፍ ክፈሉ፤ የቀረውን ግን 30ኛው ቀን ላይ አብራችሁ ጎትታችሁ ካያችሁ በኋላ። በዚህ የሚቆጣ ሠራተኛ ሳሩን ከናንተ በላይ ያውቀዋል ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ የጠማውና የሰመጠው

ሁለቱም ይቢጫሉ። ለዚህ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ቢጫ ሲያይ ውሃ ይጨምራል፣ የሰመጠውን ጨርሶ ያሰምጠዋል።

የጠማው ሳር ከመቢጨቱ በፊት ይናገራል። ቀለሙ ወደ ግራጫ ይመታል። ቅጠሉ እንደ ክር ይጠቀለላል። ረግጣችሁት ስትሄዱ የእግራችሁ ዱካ ቶሎ አይነሣም። መገጣጠሚያው ይሰፋል። ይህን ያያችሁ ቀን ሰዓት ሳትጠብቁ አጠጡ፤ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይመለሳል።

የሰመጠው ደግሞ ሲረገጥ «ጭቅ ጭቅ» ይላል። ገለጥ ስታደርጉት የረጋ ኩሬ ይሸታል። ሥሩ ይጠቁራል፣ ስትስቡት ልጣጩ ይወልቃል። አንዳንዴ እንጉዳይ ይበቅልበታል፤ እንጉዳዩ ራሱ ጉዳት የለውም፣ የእርጥበቱ ምስክር ነው። መድኃኒቱ ውሃ ማቆም ነው። በክረምት ከሆነ ዝናቡ ከቆመ ከሰዓታት በኋላም ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ለዩና ዳሩን ይዛችሁ ትንሽ ቦይ አውጡለት። የጣሪያ ውሃ መውረጃ ቀጥታ ሳሩ ላይ የሚደፋ ከሆነም አቅጣጫውን ቀይሩት።

ክብ ክብ እየሠራ የሚደርቅ፣ ጠዋት ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር የሚታይበት ከሆነ ሻጋታ ነው። የምሽት ውሃ አቁሙ፣ የታጨደውን አንሡ፣ አየር ይግባው። ኬሚካል ከመግዛት በፊት ይህን ሁለት ሳምንት ሞክሩ።

ሰባተኛ፦ ማጭድና ማዳበሪያ

የመጎተቱን ፈተና ሳያልፍ አይታጨድም። ካለፈ በኋላ ቁመቱ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ከላይ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ቁረጡ። 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቅር። አጭዶ መላጨት የሚወዱ ሠራተኞች አሉ፤ «ቶሎ እንዳያድግ» ይላሉ። አዲስ ሳር ሥር የሚያወርደው በቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉን ከላጫችሁት ምን ይብላ? ማሽኑም ማጭዱም የተሳለ ይሁን። የዶለዶመ ምላጭ ሳሩን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ በማግስቱ ጫፍ ጫፉ ይነጣል። መሬቱ ጭቃ ከሆነ ማሽን አታስገቡ።

ማዳበሪያ የመጀመሪያውን ወር የለም። ሥር የሌለውን ማብላት ማቃጠል ነው። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ዩሪያ ለካሬ 10 ግራም ይበቃዋል፤ ጠርዙ ድረስ ብቻ የሞላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ለ60 ካሬ 600 ግራም። ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን እኩል በትኑና ወዲያው አጠጡ። ውሃ ከሌለ ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ዩሪያ ያደረበት ሳር እንደ ተቆላ ሆኖ ይነሣል። የዶሮ ኩስ በጥሬው በጭራሽ አይደረግ። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ግን ነፍቶ በስሱ መበተን ከዩሪያውም ይሻላል ባይ ነኝ። በስሱ ስል ቅጠሉ ብቅ ብሎ እየታየ ነው፤ መቅበር አይደለም።

ያልተጠሩ እንግዶች

ማለዳ በጩኸቱ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ፣ ምንቃሩ ረጅምና የተቆለመመ ጠቆር ያለ ትልቅ ወፍ አለ፤ ጋጋኖ የሚሉት አሉ። አዲስ ሳር ላይ በቡድን ወርዶ እየወጋ ይለቅማል። የሚፈልገው ሳሩን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ትል ነው። አንድ ቀን ከመጣ ተዉት፣ የገለበጠውን በእግር ተጫኑት። በየቀኑ የሚመላለስ ከሆነ ግን አንድ ቁራጭ ገልጣችሁ ነጭ የተጠቀለለ ትል ፈልጉ። ወፉ ከናንተ ቀድሞ መርምሮላችኋል።

ፍልፈል ሌላ ጣጣ ነው። ሌሊቱን የአፈር ቁልል ይሠራል፣ ከሥሩ ያለው ዋሻ ሳሩን ከመሬት ያላቅቀዋል። ቁልሉን ጠርጋችሁ ዋሻውን በአፈር ሞልታችሁ ጠቅጥቁ፤ ካልሆነ እዚያ ላይ ቢጫ መስመር ይወጣል። ውሻ የሸናበትን ደግሞ ወዲያው በባልዲ ውሃ ማጠብ ነው።

ከሁሉም የከፋው እንግዳ ግን ሰው ነው። ድንኳን ለሰርግም ለልቅሶም ይተከላል፣ እንቢ አይባልም። ቢቻል ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሌላ ቦታ ይፈለግለት። ግድ ከሆነ ምንጣፉና ሸራው ማታ ማታ ይነሣ። የከሰል ምድጃም ሳር ላይ አይቀመጥም፤ ለቡናው ሲሉ ያወጡት ምድጃ ክብ ጥቁር ማኅተም ትቶ ይሄዳል። አማቴ «ሳሩ ለኛ ነው ወይስ እኛ ለሳሩ?» ብለውኛል። መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛውን ሳር ያነጠፍኩት ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ፍርስራሹን አስወጥቼ፣ በጣውላ ጠቅጥቄ፣ ጀሪካን ቆጥሬ። በ13ኛው ቀን ስስበው ቅጠሉ እጄ ላይ ተበጥሶ ቀረ። ያልያዘ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በሩ ጋ፣ የዘበኛችን ወንበር ያለበት። ሁለቴ ቀየርኩት፣ ሁለቴም ሞተ። አባባ ከዚያ ቦታ አይነሡም፤ በሩ የሚታየው ከዚያ ነው። በመጨረሻ ሳሩን አንሥተን አራት ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍንላቸው።